በግ የታረደለት ፒያኖ

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ የልጅ ልጇ ተመረቀችላትና ጠራችኝ። ልጅቱ ሰባት ዓመቷ ነው። ከምን ተመረቀች ብትሉኝ፣ ከሦስት ወር የኪቦርድ ትምህርት። ቀይ ጋውን አልብሰዋት፣ ከራሷ የሚበልጥ ቆብ ደፍተውላት፣ ቆቡ በየደቂቃው ዓይኗ ላይ እየወረደ፣ ያንን የፕላስቲክ ሳጥን ፊቷ ገትረው አንድ ዘፈን አስመቷት። የሰማት ሰው አልነበረም። ግማሹ ስልኩን ደቅኖ ይቀርጻል፣ ግማሹ ኬኩን ይጠብቃል። ልጅቱ መሃል ላይ ስትሳሳት ቀና ብላ እናቷን አየች፤ እናቷ ግን በስልኩ ውስጥ ነው የምታያት፣ ቀጥዪ ቀጥዪ እያለች በእጇ ትጠቅሳለች። ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ እልልታ፣ ከዚያ ኬክ። ለእኔም ደረሰኝ። ክሬሙን አንዴ ቀምሼ ሳህኑን ወንበሩ ሥር ገፋ አደረግሁት። ክሬሙ አልተስማማቸውም ተባለና ውሃ ቀረበልኝ።

ክሬሙ ምን አደረገ? ሳህኑን ያስገፋኝ ሌላ ነው። ይኼንን ድግስ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፣ እዚሁ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ በአባቴ ቤት። ያኔ ጋውንና ኬክ አልነበረም፣ በግ ነበር እንጂ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፣ እኔም ገና የወተት ጥርሴን ነቅዬ አልጨረስኩም ነበር። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ከፈረስ መጋላ ተነስቶ ከግንቡ ውጪ እስካለው አዲሱ ከተማ ጋሪ ስሙኒ ነበር። ሳምቡሳ በአምስት ሳንቲም ሁለት ይሰጡን ነበር፣ ዘይቱን በወቅቱ ሲሆን በሳህን ተቆልሎ ከዚያም ያነሰ። ቴትሮን የሚባለው ጨርቅ አዲስ የመጣበት ጊዜ ነው፤ የደላው ሁሉ ቴትሮን ለብሶ በላብ ይጠመቅ ነበር። ሐረር እንዲህ ናት፣ ታምራለች፣ ትሸታለች። ዛሬ ጠዋትና ማታ ስለ ድሮው ፍቅር የሚያለቅሱ ሰዎች ሳይ ምን ዓይነት አገር ኖረው ነው እላለሁ። እኔ ያደግሁበት ቤት ውስጥ ፍቅር ነበረ፣ አልክድም፤ ግን ሰው ካላየው አይቆጠርም ነበር።

አባባ የፍርድ ቤት ዋና ጸሐፊ ነበሩ። አያታቸው ከሸዋ ዘምተው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሳቸውም እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ነው ያደጉት። ዳዊት የጨረሱ ቀን አባታቸው ደግሰው፣ የኔታን ሸልመው፣ ልጄ ተማረ ብለው አገር እንዳበሉ ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እንግዲህ በአባባ ዘንድ ትምህርት ማለት ይኼ ነው። ይጀመራል፣ ያልቃል፣ ይደገሳል። ይኼንን ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ነው የተበላሸው።

ፒያኖውን የገዙት አገር ለቆ ሊሄድ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ግሪክ ነው። ለምን ገዙት? ሙዚቃ ወድደው እንዳይመስላችሁ። ዳኛው፣ አለቃቸው፣ ሳሎናቸው ውስጥ ፒያኖ ስላላቸው ነው። ስምንት ሐማሎች ተሸክመውት ከፈረስ መጋላ መኪና ግርግር በሚባለው በኩል ሲያወርዱት፣ በዚያ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ሁሉ መርገጣቸውን አቁመው ተነሱ፣ ስፌት መኪኖቹን ወደ ግድግዳ ጠጋ ጠጋ አድርገው አሳለፏቸው። አባባ ፊት ፊት ይሄዳሉ፣ ከዘራቸውን እያወዛወዙ። በራችን ጠቦ አላስገባ ሲል መቃኑን አስነቀሉት። መቃኑ ተነቅሎ ለሰባት ወር እንደዚያው ቀረ፤ በክረምት ዝናቡ ይገባብን ነበር። ፒያኖው ግን ደረቅ ቦታ ተቀመጠ።

እማዬ በበኩሏ አራት ክብ ናፍታሊን ውስጡ ጨመረችበት፣ ካባዋን ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጥ እንደምታደርገው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ያ ሽታ አፍንጫችንን ይሰነፍጠው ነበር። ቁልፉ የአባባ የሰደርያ ኪስ ውስጥ ነው የሚያድረው። የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ከቁም ሳጥን የሚወጡት ባለ ወርቅ ቀለም ብርጭቆዎችና ፒያኖው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይገባሉ።

ቤት ያስቀመጡትን ሊያስመቱ ደግሞ የሚመታ ሰው ያስፈልጋልና እህቴ ጽጌ ተመረጠች። ጽጌ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። ያስተማሯት ማዳም ሲራኑሽ የሚባሉ አርመን ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከግንቡ ውጪ አንዲት ሰማያዊ መዝጊያ ያላት ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ። እዚሁ ተወልደው አርጅተውም ሴቱን ሁሉ አንተ ይሉ ነበር። ጽጌ ቤት ውስጥ መለማመድ ስለማይፈቀድላት ልምምዷም ትምህርቷም እዚያው በማዳም ፒያኖ ነው። ያም ሆኖ ስምንት ወር ሳይሞላ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ተወጣችው። ቀይ ሽፋን ያለው ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ለጀማሪ ልጆች የተጻፉ አጫጭር ዜማዎች ያሉበት።

አባባ ገጹን ቆጥረው፣ አለቀ ብለው በግ አሳረዱ። በእውነት ነው የምላችሁ። ዘመድ ተጠራ፣ የፍርድ ቤት ሰው ሁሉ ተጠራ፣ ዳኛው መጡ። ጽጌ በቡርቱካን ቀለም ቴትሮን ቀሚስ ተቀምጣ ከመጽሐፉ የመጨረሻዋን ዜማ መታች፤ ዜማዋ ሳሞቫር ውሃ እስኪያፈላ እንኳን የማትቆይ ናት። ሰው እያወራ፣ ሥጋ እያላመጠ፣ ስታቆም አጨበጨበ። ማዳም ክብር ወንበር ላይ ናቸው። አባባ ተነሥተው ነጭ ጋቢ አለበሷቸው፣ ለየኔታ እንደሚደረገው። በዚያ ሙቀት፣ እጅጌ በሌለው ቀሚሳቸው ላይ ያን የሚያህል ጋቢ ተከምሮባቸው ላባቸው በግንባራቸው ሲወርድ አሁንም ይታየኛል። ማዳም ግራ ገብቷቸው ለአባባ ቀስ ብለው ነገሩ፤ ገና መጀመሯ ነው፣ ሁለተኛ መጽሐፍ አለ፣ ሦስተኛ አለ፣ ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ሙዚቃ የሚመጣው አሉ። አባባ ወደ እንግዶቹ ዞረው ሳቁና ይኼ ትሕትናቸው ነው አሉ። ሰው ሁሉ ትሕትናቸውን አደነቀ።

በማግሥቱ ማዳም ሁለተኛውን መጽሐፍ ይዘው መጡ። አባባ በአክብሮት አስቀምጠው፣ ሻይ አስቀርበው፣ ለሴት ልጅ ይኼ ይበቃታል አሉ። ማዳም ቢለምኑ፣ ቢያስረዱ ወይ ፍንክች። አባባ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይኼንን የምለው አባቴ ስለሆኑ አይደለም። ግን ልጄ ጨረሰች ብለው አገር አብልተዋል። አሁን መልሰው ቢልኳት የበላው ሰው ምን ይላል? ያልጨረሰችውን ጨረሰች ብሎ ደገሰ ሊባሉ ነው። በዚያች በግ ምክንያት ጽጌ በአሥራ አራት ዓመቷ ሊቅ ሆና ቀረች። ዛሬም እንደዚያው ነው፤ የዚያችን ጋውን የለበሰች ምስኪን ልጅ እናት ጠየቅኋት፣ ቀጥሎስ ብዬ። ቀጥሎ ዋና ልናስመዘግባት ነው አለችኝ።

ማዳም ግን እጅ የሚሰጡ ሴት አልነበሩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ከእማዬ ጋር ተቀመጡና፣ ጥልፍም አስተምራለሁ፣ ሁለቱንም ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላክልኝ አሏት። ጥልፍ ለሴት ልጅ ነውር የለበትም፤ ማልቂያም ስለሌለው አይደገስለትም። አባባ በደስታ ፈቀዱ። እንግዲህ በየቅዳሜው ከሕንዱ ነጋዴ፣ ከባኒያኑ ሱቅ አንዱን ጥቅል በአሥር ሳንቲም የጥልፍ ክር ገዝተን፣ ጋሪ ተሳፍረን እንሄዳለን። ሰማያዊው መዝጊያ ይዘጋል። ጽጌ ፒያኖው ጋ ትቀመጣለች፣ እኔ ጓዳ ውስጥ የሁለት ሰው ጥልፍ እጠልፋለሁ።

ከመጥለፌ በፊት ግን ማዳም አንድ ሕግ ነበራቸው። መርፌ ሳልይዝ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጽጌ የምትመታውን አንድ ጊዜ ሙሉውን መስማት አለብኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ አንጀቴ ቅጥል ይል ነበር፤ ልጅ ዝም ብለሽ ተቀመጪ ሲባል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቆይቶ ግን ጆሮዬ ተከፈተ። ግራ እጇ ከታች አንድ ነገር ሲናገር ቀኝ እጇ ከላይ ሲመልስለት መለየት ጀመርኩ። አንድ ቀን የሆነ ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ዜማው ሊያልቅ ነው ስል ዞር ብሎ ሌላ መንገድ ሲገባ፣ ዕንባዬ ዱብ አለ። ማዳም አዩኝና ለጽጌ፣ አየህ፣ ሰው አገኘህ አሏት። ይኼንን የምነግራችሁ በኋላ አላወቀችም ነበር እንዳትሉልኝ ነው። እህቴ ምን ያህል እንደምትችል በዚያ ቤተሰብ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁለት ዓመት እንደዚህ ሄደ። ጽጌ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን መጽሐፍ አለፈች። ቤት ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ግን አባባ ቁልፋቸውን ያወጣሉ፣ ናፍታሊኑ ይሸታል፣ ጽጌም ያችኑ የድግሷን ዜማ መትታ ትነሣለች። ከዚያች በላይ ከመታች የት ተማረችው ይመጣል። ማታ አልጋችን ውስጥ በብርድ ልብሱ ላይ ጣቶቿን ስታንቀሳቅስ አያታለሁ። እኔ ደግሞ የጥልፍ ሥራዬ እየተዋበ ሄደ። ማዳም ታላቂቱ የተሻለውን መያዝ አለባት፣ ያለበለዚያ ይነቃብናል ስላሉ፣ ጥሩ ጥሩውን የጽጌ ነው እያልን እንወስዳለን፣ ገና ስማር ያበላሸሁት ደግሞ የእኔ ይሆናል። ትልቁ ሥራዬ አንድ የፒያኖ ልብስ ነበር፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ጽጌረዳ፣ ቅጠሉ ሦስት ዓይነት አረንጓዴ፣ ስድስት ወር ሙሉ ዓይኔ እስኪፈስ የሠራሁት። እማዬ ፒያኖው ላይ አንጥፋው መጪ ሂያጁ ሁሉ የጽጌን እጅ ይባርካል። ትንሽቱስ ሲሉ እማዬ የእኔን የተንሻፈፉ ወፎች ታሳያቸዋለች። ትለምዳለች፣ ይሉኛል፣ ራሴን እየዳበሱ።

በዚያ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ማዳም ጽጌን አስቀምጠው አንድ ነገር ነገሯት። አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ እዚያ የሚያስተምር የሚያውቁት ሰው በጥምቀት ማግሥት ሐረር ይመጣል፣ ጽጌን እሳቸው ቤት ያዳምጣታል፣ ከወደዳትም ማደሪያ ሰጥቶ ይወስዳታል። ለአባባ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው፣ ተምሮ ከመጣ ሰው አፍ፣ ደብዳቤ ተይዞ። እስከዚያ ድረስ አንድም ሰው እንዳይሰማ አሉን። ወደ ቤት ስንመለስ ጋሪው ላይ ጽጌ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። ሄዳ ስትማር ለእኔም መጽሐፍ እንደምትልክልኝ፣ ከዚያ በኋላ ጥልፉ በስሜ እንደሚሆን ነገረችኝ። እሺ አልኳት።

ለጥምቀት ሦስት ሳምንት ሲቀረው የቁልቢ ገብርኤል ሆነ። ከአዲስ አበባ ለንግሥ የመጡ ባልና ሚስት፣ የዳኛው ዘመዶች፣ ከቁልቢ ሲመለሱ ቤታችን ምሳ ተጠሩ። ጾም ስለነበር እማዬ የጾሙን በዓይነት በዓይነቱ አሰናድታለች። ሴትዮዋ ደልደል ያለች፣ የእጅ አምባሯ የሚንጫጫ፣ ያየችውን ሁሉ የምታወድስ ዓይነት ነች። ጽጌ ዜማዋን መታች፣ አጨበጨቡ። ከዚያ ሴትዮዋ የፒያኖውን ልብስ አነሣች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ በጣቷ ዳበሰችው፣ እንዲህ ያለ ጥልፍ አዲስ አበባም አይገኝ አለች። የማን እጅ ነው ብትል እማዬ የጽጌ ነው አለች። ሴትዮዋ ለባሏ፣ ፒያኖ የምትመታ፣ እንዲህ የምትጠልፍ፣ መልኳ ይኼ፣ ይቺን የሚያገባ ምን የታደለ ነው አለችው። እኔ በሩ አጠገብ ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜያለሁ።

"የጽጌ አይደለም። ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ። እሷ መርፌ መያዝ አትችልም" አልኩ።

ለሰው ሳወራው አመለጠኝ ነው የምለው። ልጅ ነበርኩ፣ አመለጠኝ። ውሸት ነው። ሴትዮዋ ጨርቁን ስታነሣ ጀምሮ አስቤበታለሁ። ከተናገርኩ ምን እንደሚከተል አውቄያለሁ፣ ሦስቱ ሳምንትም ትዝ ብሎኛል፣ የጋሪው ላይ እሺታዬም ትዝ ብሎኛል። ያቺ ባለ አምባር ሴት አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞራ እንድታየኝ ስለፈለግሁ ነው።

አባባ ሳቁ፣ የታናሽ ቅናት ነው አሉ። ሴትዮዋም ሳቀችና፣ ለጨዋታ ያህል፣ እስቲ ጽጌ አንዲት ቅጠል ጥለፊልንና ይቺን ተንኮለኛ እናሳፍራት አለች። መርፌና ክር መጣ። ጽጌ ተቀበለች። ክሩን መርፌው ዓይን ውስጥ ለማስገባት ሞከረች፣ ሳተችው፣ ደግማ ሞከረች። በመጨረሻ ሲገባላት አንዴ ወጋች፣ ክሩ ተቋጥሮ ቀረ። ቀና አላለችም። እንግዶቹ ሳቃቸውን ዋጡ፣ ባልየው ስለ መንገዱ አቧራ ማውራት ጀመረ። የአባባ ፊት ጠቆረ። ሴትዮዋ ስትወጣ ጉንጬን ቆንጥጣ፣ ጎበዝ፣ እጅሽ ወርቅ ነው አለችኝ። ይኸው፣ ያገኘሁት እሱን ነው።

በሩ እንደተዘጋ አባባ በየቅዳሜው ምን ስትሠሪ ነበር ብለው ጽጌን ጠየቋት። ጽጌ መዋሸት አትችልም ነበር። ፒያኖ ስማር ነበር አለች። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ወረደ።

"ጨርሰሽ የለም እንዴ? በግ አርጄ፣ አገር ሰብስቤ፣ ጨረሰች ብዬ አልነበረም ወይ?"

"አባባ፣ ያኔ ገና መጀመሬ ነበር።"

"እንግዲያው እኔን ውሸታም ልታደርጊኝ ነው።"

ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ማዳም ቤት አልሄደም። ማዳም ግን በጥምቀት ማግሥት ያንን ሰው ይዘውት እኛ ቤት ድረስ መጡ። ወጣት ነው፣ ከረባት ያሰረ፣ ጫማው ላይ የጀጎል አቧራ የተቀመጠበት። አባባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉት፣ ባለ ወርቅ ቀለም ብርጭቆዎቹን አስወጡለት። ልጅቱን ልስማት ሲል በደስታ ብለው ቁልፋቸውን አወጡ። ጽጌ ተቀመጠች። አባባ አጠገቧ ቆመው እጃቸውን ክዳኑ ላይ አድርገው፣ ያችን የምረቃሽን አሏት፣ ያችን ብቻ።

መታቻት። ድቡልቡል የልጆች ዜማ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ። ስትጨርስ እጇን አላነሣችም፣ ቁልፎቹ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሰውየው የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ማዳም፣ ሌላም ያውቃል፣ ትልልቅ ነገር ያውቃል አሉ። አባባ በፈገግታ፣ ይበቃል ማዳም፣ ይደክማታል አሉና ክዳኑን ቀስ አድርገው ማውረድ ጀመሩ። ጽጌ እጇን ያወጣችው ሊነካት ሲል ነው። ከዚያ እጅ ማስታጠቢያ ተባለ፤ እኔ አቀረብኩ። ሰውየው እየታጠበ አባባን ጥሩ ነው አላቸው፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው። አባባ ለጀማሪ የሚለውን ትተው ጥሩ የሚለውን ለጎረቤት ሁሉ አወሩት።

ከፋሲካ በኋላ ጽጌ ተዳረች፤ ጅጅጋ ለሚሠራ የጉምሩክ ጸሐፊ። ደግ ሰው ነበር፣ ልጆች ወለዱ፣ እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን ፒያኖ ፊት አልተቀመጠችም። አብዮቱ መጥቶ ያ ሁሉ ነገር ከተገለባበጠ፣ አባባም ካረፉ በኋላ፣ ፒያኖውን የሚገዛ ሰው መጣልንና እኔው ከፈትኩት። ምን እንደወጣ ልንገራችሁ? አይጥ። ውስጡ ሙሉ በሙሉ የአይጥ ቤት ሆኗል፤ ሽቦዎቹን የሚመቱት ትንንሽ መዶሻዎች ላይ የነበረው የሱፍ ልብድ ተበጣጥሶ፣ ጎጆ ተሠርቶበት፣ ዓይናቸውን ያልገለጡ ልጆች ይርመሰመሱበታል። ሽንታቸውና ናፍታሊኑ ተቀላቅሎ ለሦስት ቀን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ገዢው አፍንጫውን ይዞ ሄደ። እንጨቱን አናጢ ወሰደው።

ጽጌ ባሏ ከሞተ በኋላ ሐረር ተመልሳ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። ጉልበቷ ከዳት፣ በኋላም ሳንባዋ። የዛሬ አራት ዓመት፣ መጨረሻዋ መሆኑን ሁላችንም እያወቅን፣ ሁለታችን ብቻ ቀርተን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሃምሳ ዓመት ያነቀኝን ነገር ልተፋው ብዬ ነው የሄድኩት።

"ጽጌ፣ ያን ቀን አምልጦኝ አይደለም። አስቤበት ነው የተናገርኩት" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ከመናገርሽ በፊት ማስታጠቢያውን መሬት አስቀምጠሽ ቀሚስሽን ስታስተካክዪ አይቼሻለሁ።"

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፍቻለሁ። ትንፋሿን እስክታገኝ ቆየችና ደግሞ፣ ዓይኗን ጨፍና፣

"ጥልፉ ግን እውነትም ያምር ነበር" አለች።

ይቅርታውን ሳልጠይቃት ቀረሁ። ለምን መሰላችሁ? ያ ቃል ከአፏ ሲወጣ ጉንጬ ሞቀ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። እህቴ ልትሞት ተኝታ፣ እኔ ስለተመሰገንኩ ደስ አለኝ።